ስለ መፋቂያው ወንበር ማን ይጠየቅ?

ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል። ነገሩን በሆዱ ይዞ በአፉ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። እኔ ቶሪካ በፊጂ ደሴቶች፣ በሲንጋቶካ ገበያ ጎደሬና ካሳቫ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። የተማርኩት ስሜን ለመጻፍና ጋዜጣ እየቆጠርኩ ለማንበብ የሚበቃ ያህል ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ አጻጻፌ ቢጎረብጥህ ታገሰኝ፤ የምነግርህ ነገር ግን ለተማረውም ላልተማረውም ይጠቅማል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ ገበያ ስሻገር ከራይጂኤሊ ጋር ተገጣጠምን። ራይጂኤሊ የጎረቤቴ ምራት ናት፤ ሁለተኛ ልጇን ገና የምታጠባ ወጣት። ቀኝ እጇ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ምንም አይደል እትዬ ቶሪካ። ኮኮናት ስፍቅ አዳልጦኝ ነው። የኔ ነገር! ቀልቤ የት እንደሚሄድ እንጃ።»

«በምን ስትፍቂ?»

«በጋሽ ነማኒ ወንበር።» ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሰረቀች ይመስል ዙሪያዋን ቃኘች። «ወንበሩ ግን ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጣትሽስ ይታጠፋል?»

«ጅማቱ ተነክቷል ብላኛለች ሐኪሟ። ሲድን ይታያል አለች።»

ይህን ስንነጋገር ከኋላዬ «ይቅርታ እህቴ፣ ወንበሩ ምን ሆኖ ነው የቆረጠሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ሊቲያ ናት። ከሱቫ አውቶቡስ አሁን መውረዷ ነው፤ ሻንጣዋ ገና በእጇ ነው። ሊቲያ የነማኒ የሟች እህቱ ልጅ ስትሆን፣ ሱቫ ከተማ የዕቃ ገዢዎችን አቤቱታ በሚሰማ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ራይጂኤሊ የነማኒን የእህት ልጅ እንዳየች «ልጄ ታለቅስብኛለች» ብላ ላጥ አለች። ልጇ ግን እዚያው ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር።

«ለምን ሸሸችኝ?» አለች ሊቲያ።

«ታዲያ ምን ትበል? አጎትሽ የጎሳው ሽማግሌ ነው። የሱን ወንበር ባንቺ ፊት ልታማ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሐሜት አልጠየቅኋትም። እጇን ምን እንደቆረጣት ነው የጠየቅኋት።»

«እዚህ አገር ሁለቱ አንድ ነው» አልኳት።

አሁን ስለ ወንበሩ ልንገርህ። ኮኮናት መፋቂያ ማለት ዝቅ ያለ የእንጨት መቀመጫ ነው፤ ከፊቱ ጥርስ ያለው ብረት እንደ ምላስ ወጥቶለታል። ሴቲቱ ትፈናጠጥበትና ለሁለት የተከፈለውን ኮኮናት በመዳፎቿ ይዛ በጥርሱ ላይ ታሽከረክረዋለች። ነጩ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ እሱ ተጨምቆ ወተቱ ይወጣል። ያለዚያ ወተት የእሁድ ምሳ ምሳ አይባልም። ነማኒ ይህን ወንበር ታጣፊ አደረገው። ብረቱ ወደ ታች ሲታጠፍ ወንበሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አውቶቡስ ላይም በብብት ይያዛል። ሲዘረጋ ደግሞ ብረቱን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው ከመቀመጫው ሥር ያለች ተንሸራታች መቀርቀሪያ ናት። የሲንጋቶካ ሸለቆ ሰው ሁሉ ገዛው። እኔ ግን አልገዛሁም፤ የእናቴን አሮጌ ወንበር የማይታጠፍ ስለሆነ እወደዋለሁ። ግትር ነሽ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ነማኒ የሟች ባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። እኛ ጋ ዋርሳና ዋርሳ ይቀላለዳል፣ ይሰዳደባል፣ አይቀያየምም። በሰፈሩ ያን ሰውዬ ፊት ለፊት የምትናገረው ሴት ማን ናት ቢባል እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሊቲያን ይዤያት ወደ ብረት ቤቱ ሄድኩ።

ወንበሮቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። የካንዳቩ ደሴት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማኅበር ያዘዛቸው ናቸው፤ ረቡዕ ወደ ሱቫ ሄደው መርከብ ላይ ሊጫኑ ነው። ነማኒ ሊቲያን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ግንባሯን ሳማት። ስለ ራይጂኤሊ እጅ ስትነግረው ግን ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

«ልጄ፣ በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ። አንድም ሰው ዕቃዬን መልሶልኝ አያውቅም። አንዲት ችኩል ሴት እጇን ብትቆርጥ ወንበሩ ምን ያድርግ?»

«አጎቴ፣ ችኩል ትሁን አትሁን በምን እናውቃለን? ሌሎቹን ጠይቀዋቸዋል?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው? ቢጎዳቸው አይናገሩም?»

«አይናገሩም» አልኩ እኔ። «አንተን ሲያዩ ምላሳቸው ይታሰራል።»

«ያንቺ ምላስ መቼ ታስሮ ያውቃል?»

«የኔማ ቢታሰር ኖሮ ወንድምህ በሰላም ይኖር ነበር።»

ሊቲያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በትሕትና ቀጠለች። «አጎቴ፣ እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ከወጣም በኋላ፣ የሚጠቀሙበትን ጥቂት ሰዎች ሰብስበን እናነጋግራለን። ካንዳቩ ያሉት ሴቶች ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ጀልባ መጠበቅ አለባቸው። እዚያ ጅማት ቢቆረጥ የራይጂኤሊን ያህል ዕድል እንኳ የለም። እባክዎ ከመጫኑ በፊት ሰው እንሰብስብ።»

ነማኒ ጥቂት አሰበና ደስ አለው። «ሰው መሰብሰብ ነው? እሱንማ እኔ አውቅበታለሁ! ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ይምጡ። ያንጎናውን እኔ አቀርባለሁ።»

ሊቲያ «ያንጎናው ይቅር» ለማለት አፏን ከፈተች። እሱ ግን አልሰማትም፤ ለዚህ የክብር መጠጥ ሥሩን የሚወቅጥለት ሰው ፍለጋ ወጥቶ ሄዷል።

እሁድ ሆነ። ሰሌኑ ተነጠፈ። ሽማግሌዎቹ ከላይ ተቀመጡ፤ ጎልማሶቹ ከእነሱ ቀጥሎ፤ ሴቶቹ በሩ አጠገብ እርስ በርስ ተጣብቀው። ትልቁ የእንጨት ገበቴ መሐል ላይ ነው፤ ያንጎናው ታሽቶ በኮኮናት ቅርፊት እየተቀዳ ይዞራል፤ ጭብጨባው ይሰማል። አዲስ ወንበር ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ በአበባ ጉንጉን ተከቦ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አንድም ኮኮናት በቤቱ የለም።

ነማኒ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ወገኖቼ፣ ይህችን ወንበር እንዴት አገኛችኋት? ነውር ካላት ሳትፈሩ ንገሩኝ» አለ።

ከሁሉ የሸመገሉት አዛውንት መለሱ። እኒህ ሰው ሚስታቸውም ልጆቻቸውም ስለሚፍቁላቸው እሳቸው ኮኮናት ነክተው አያውቁም። «ወንበሯ የጎሳችን ኩራት ናት። የነማኒ እጅ ይባረክ» አሉ። ተጨበጨበ። ሌላው «አያቶቻችን ይህችን ቢያዩ!» አለ። አሁንም ተጨበጨበ።

ሊቲያ አላስችል አላትና፣ «ራይጂኤሊ፣ እጅሽ እንዴት ነው?» ብላ ወደ በሩ ጠየቀች።

ቤቱ ሁሉ ዞረ። ያቺ ምስኪን ልጅ ፋሻውን ቀሚሷ ሥር ደብቃ «ድኗል» አለች። አማቷ ከጎኗ በክርን ጎሰመቻት። እኔ ጥርሴን አፋጨሁ።

ስንወጣ ሊቲያን ጎትቼ፣ «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው? በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ያቺን ልጅ ታጋልጪያታለሽ?» አልኳት።

«አጥፍቻለሁ እትዬ። ጭራሽ እንደዚያ አይጠየቅም። ተናድጄ ነው።»

«እንግዲህ ለመናደዱ እኔ እበቃለሁ፤ አንቺ የተማርሽውን ሥሪ።»

በማግስቱ ጠዋት ነማኒ ብረት ቤቱ በር ላይ ጮቤ ሲረግጥ አገኘነው።

«ሰማሽ አይደል ልጄ? ሁሉም ጥሩ ነው አለ! አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም!»

ሊቲያ አጎንብሳ ተቀመጠችና በዝግታ ጠየቀችው። «አጎቴ፣ ያንጎናዎን ጠጥቶ፣ ሰሌንዎ ላይ ተቀምጦ፣ ዕቃዎን የሚነቅፍ ሰው አለ?»

«ባለጌ ካልሆነ የለም።»

«እንግዲያው ትናንት ጨዋ መሆናቸውን ነው ያየነው። ወንበሩን ገና አላየነውም።»

ነማኒ መዶሻውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው? እኔ በሌለሁበት ሰብስበሽ ልታስነግሪ? ይሄማ ሐሜት ነው! ሰው በፊቴ ያላለውን ከኋላዬ ሊለው ነው!»

«ሐሜት ስለ ሰው ነው አጎቴ። ይሄ ስለ ብረት ነው።»

«ስለ ብረት ሴቶቹ ምን ያውቃሉ?»

«ስለ ብረቱ እርስዎ ያውቃሉ። ወንበሩን እንዴት ይሞክሩታል?»

«እቀመጥበታለሁ። እወዘውዘዋለሁ። ይኸው እይ፣ ንቅንቅ ይላል?»

«በደረቅ እጅዎ ነው። ኮኮናት ሳይኖር ነው። ልጅ ጀርባዎ ላይ ሳያለቅስ፣ ድስቱ ሳይገነፍል፣ አማትዎ ከወዲያ ሳይጣሩ ነው። እነሱ የሚያውቁት ይሄንን ነው። የእርስዎ ዕውቀት ከበሩ ሲወጣ ያበቃል፤ የእነሱ ከዚያ ይጀምራል።»

አንባቢዬ፣ እኔ ይህን ስሰማ ልጅቷን ልስማት ምንም አልቀረኝ። ሰውዬው ግን ድንጋይ ነው። «ረቡዕ ይጫናል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን አልዋሽም» አለ። ለሰዓቱ ያለው ክብር ጥሩ ነው፤ ግን የሚቆረጥ እጅ በሰዓቱ ቢደርስ ለማን ይጠቅማል?

ያን ጊዜ ሊቲያ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ወንበሮቹ ወደተደረደሩበት ሄዳ መዳፏን ላያቸው ላይ አሳረፈችና፣ «አጎቴ፣ እነዚህን ወድጃቸዋለሁ። ወስጃቸዋለሁ» አለች።

እኛ ጋ የእህት ልጅ ቫሱ ትባላለች። ከእናቷ ወንድም ቤት ዓይኗ የወደደውን ብታነሳ «መልሺ» አይባልም፤ አሳማ ይሁን፣ ጀልባ ይሁን። «እምቢ» ያለ አጎት ሰው ፊት አይቆምም። ይህን ጣጣ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነማኒ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«መርከቡስ?»

«መርከቡ ይሂድ። ሴቶቹን ካነጋገርኩ በኋላ ወንበሩ ደህና ከሆነ እኔው ራሴ ተሸክሜ እጭናቸዋለሁ። ካልሆነ ግን...»

«እናትሽም እንዲህ ነበረች!» ብሎ ጮኸ። «ሕፃን ሳለች ጀምራ!» ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለው፤ አንስቶ አራገፈው፤ መልሶ ጣለው። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ቅጣቴን ወዲያው አገኘሁ፤ ወንበሮቹ የተከማቹት እኔ ቤት ነው። እስከ ምኝታዬ ድረስ እንቅፋት ሆነው ሰነበቱ። ሰው ለእውነት ሲቆም ቁርጭምጭሚቱ እንዲህ ይጋጋጣል።

ሊቲያ ሁለተኛውን ስብሰባ እንዴት እንዳሰናዳችው አስተውልልኝ፤ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ቦታው የነማኒ ቤት አይደለም፤ የኔም አይደለም። ጎረቤታችን ካምላ ከአገራችን ሕንዶች ወገን ናት፤ ከጓሮዋ የማንጎ ዛፍ አለ፤ እዚያ ይሁን አለች። ያንጎና የለም፤ ሻይ ብቻ። ወንድ የለም። አማቶችም አይምጡ አለች፤ ምራት በአማቷ ፊት አትናገርምና። የሚጠሩት ወንበሩን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰባት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዷ ቤቷ ያለውን፣ የለመደችውን ወንበር ይዛ ትምጣ። ኮኮናት እዚያው ይጠብቃል።

«እኔስ?» አልኳት።

«እትዬ፣ አንቺ ሻዩን ቅጂ። ብቻ እባክሽ ምንም አትናገሪ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ይህ ከተጣለብኝ ሸክም ሁሉ የከበደው ነው።

ሴቶቹ መጡ። ሊቲያ ሰላምታ ሰጥታ፣ «የምትነግሩኝን ነገር እወስዳለሁ፤ ስማችሁን ግን ለማንም አልነግርም። ደግሞ ወንበሩን አመስግኑ ብዬ አልጠራኋችሁም፤ እንድትሰድቡትም አልፈልግም» አለች። ከዚያ «ወንበሩ ጥሩ ነው ወይ?» ብላ ትጠይቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ባለፈው እሁድ ምን አበሰላችሁ?» አለች። ኧረ በፈጠረሽ! ወንበሩን ጠይቂ እንጂ ወጡ ምን ያደርግልሻል! ማንቆርቆሪያውን እስኪጮህ ጨብጬ ዝም አልኩ።

ሴቶቹ ግን ስለ ወጥ ሲሆን ምላሳቸው ተፈታ። አንዷ የጎደሬ ቅጠል በኮኮናት ወተት፣ አንዷ ዓሣ። ሊቲያ ቀስ ብላ፣ «እስቲ ኡናይሲ፣ ኮኮናቱን ካነሳሽበት ጀምረሽ አሳዪኝ» አለቻት። ኡናይሲ የራይጂኤሊ ጎረቤት ናት፣ ቤታቸው በአንድ አጥር ነው የሚለየው። ወንበሯን ዘርግታ ተፈናጠጠችና «እንዲህ እይዛለሁ... ቆይ፣ መጀመሪያ ጨርቁን ላጥብቅ» አለች።

«የምን ጨርቅ?»

«ይቺን ነዋ።» ከመቀመጫው ሥር መቀርቀሪያዋ ላይ የታሰረች የሰማያዊ ሻሽ ቁራጭ አሳየች። «አለዚያ ስፍቅ ብረቱ ይወድቅብኛል። የኔ እጅ ብዙ ዘይት ያወጣል መሰለኝ።»

ካምላ ብድግ አለች። «ያንቺ እጅ? እኔም እኮ አስሬያለሁ!» ወንበሯን ገለበጠች፤ የሳሪ ጫፍ። ሦስተኛዋ የልጇን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ክንድ አስራለች። አራተኛዋ ሲባጎ። ሁሉም ወንበራቸውን ገለበጡ። ስድስቱ በአንድ ቦታ ላይ፣ አንዲቱ ከሌላይቱ ሳትሰማ፣ ጨርቅ ወይም ገመድ አስረዋል። ኮኮናቱ ሲፋቅ ወተቱ በብረቱ ላይ ወርዶ ቀጥታ መቀርቀሪያዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷም እየሾለከች ትወጣለች። እያንዳንዷ ግን ጥፋቱ የራሷ ይመስላት ነበር! አንዷ «እጄ ዘይታም ነው»፣ አንዷ «ወፍሬ ነው የከበደው»፣ አንዷ «ባሌ እንደ ነገረኝ እኔ ዕቃ አያያዝ አላውቅም»። ይህን ያህል ሴት፣ ይህን ያህል ጊዜ፣ ለአንዲት መቀርቀሪያ ራሷን ስትወቅስ!

«እኔ ለነማኒ ልነግረው ነበር» አለች ካምላ፣ «ባሌ የጉርብትና ሰላም አትንሺ ብሎ ከለከለኝ እንጂ።»

«እኔ ደግሞ ለምስጋና ስሄድ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሄድኩ፤ ሳገኛቸው አመስግኜ ተመለስኩ» አለች ሌላይቱ። ተሳሳቁ።

ራይጂኤሊ ብቻ አልሳቀችም። ወንበሯን በግራ እጇ ገልብጣ ታየው ነበር። የሷ ወንበር ላይ ጨርቅ የለም።

«ባለፈው ወር ነው የገዛነው» አለች። «መታሰር እንዳለበት ማንም አልነገረኝም።»

ሳቁ ቆመ። ኡናይሲ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በአጥር ማዶ ነው ያለሁት» አለች። «ስትፍቂ በየቀኑ እሰማሻለሁ። አልነገርኩሽም። ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔ ብቻ የምቸገር መስሎኝ!» ከዚያ አለቀሰች። እኔም አልቅሼ ነበር፤ ቃል የገባሁት ላለመናገር እንጂ ላለማልቀስ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ወደ ነማኒ ሄድን። ሊቲያ ነገሩን ሁሉ፣ ስም ሳትጠራ፣ በአክብሮት አስረዳችው።

«ማነው ያለው? ስም ጥሪ!»

«አልጠራም አጎቴ። ቃል ገብቻለሁ።»

«ስም የሌለው ክስ! እሁድ ያጨበጨቡልኝ፣ ዛሬ በጨርቅ አሰርነው አሉ? በአበባ ነው ያሰርኩት እኔ!»

በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ምላሴም ተፈታ። «ተነስ!» አልኩት። «ይኸው ወንበርህ። ይኸው ኮኮናት። ለእራታችን ፍቅልን። ወንድ ልጅ ኮኮናት ሲፍቅ ይሞታል ያለህ ማነው?»

«አንቺ ሴትዮ...»

«ፈራህ?»

ይህን ስለው ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ኮኮናት አሳምሮ ፋቀ፤ ወደ ሊቲያ እያየ። ሁለተኛውን ፋቀ፤ ወተቱ ብረቱን ተከትሎ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ደርሶ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ከሥሩ ቀጭ የምትል ድምፅ ተሰማች፤ ብረቱም ወደቀ። ኮኮናቱ ተፈናጥሮ ግድግዳውን መታ። ነማኒ እጁን ሲስብ የሸሚዙ እጀታ በጥርሶቹ ተሸነተረ። ቆዳው ተረፈ።

ነማኒ ብረቱን መልሶ ቀጥ አደረገ፤ መቀርቀሪያዋን ገፋት፤ በአውራ ጣቱ ነካ ሲያደርጋት ሾለከች። እንደገና ገፋት፤ ሾለከች። ዙሪያውን ተመለከተና ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የእጅ መጥረጊያውን ጨርቅ አነሳ፤ ሸንትሮ መቀርቀሪያዋ ላይ አሰረ። አጥብቆ አሰረ። ከዚያ የራሱን ቋጠሮ ቁልቁል እያየ ቀረ።

«እዚህ ጋ ነው ያሰሩት?» አለ በመጨረሻ።

«ልክ እዚያ ጋ» አለች ሊቲያ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቃቸው?» አልኩት።

«ጠየቅኩ እኮ! እሁድ!»

«ያንጎና እየቀዳህ፣ አበባ አልብሰህ፣ ኮኮናት ነክተው የማያውቁ ሰው ከላይ አስቀምጠህ ነው የጠየቅከው። እንደዚያ ከተጠየቅሁ እኔም መልአክ ነህ እልሃለሁ።»

ነማኒ ወደ ሊቲያ ዞረና፣ «ልጄ፣ ካንዳቩ ደርሶ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ሊቲያም እንዲጨርሰው አልጠበቀችም። «አጎቴ፣ ጥበብዎን ማንም አልነቀፈም። ሴቶቹ ወንበሩን ባይወዱት ኖሮ ይጥሉት ነበር እንጂ አያስሩትም ነበር» አለችው። ይህች ቃል ሰውዬውን ከመሬት አነሳችው።

በማግስቱ መቀርቀሪያዋን ከሥር አንስቶ ከመቀመጫው ኋላ፣ ወተት ከማይደርስበት ቦታ አደረጋት፤ በላይዋም የብረት ካስማ ሰካባት። «አሁን ይጫን» አለ። ሊቲያ ግን «አይ፣ መጀመሪያ ሴቶቹ ይዩት» አለች። «ደግሞ!» አለ። «ደግሞ» አለች። እነዚያው ሴቶች ማንጎው ሥር ተሰበሰቡና ካስማውን አይተው፣ ይቺ ትንሽ ብረት ሕፃን አፍ ውስጥ ትገባለች፤ ካልገባችም ትጠፋለች አሉ። ነማኒ ፀጉሩን ነጨ። ካስማውን በአጭር ሰንሰለት ከእንጨቱ ጋር አሰረው። እነሱም ፍቀው ፍቀው «እንግዲህ ይሂድ» አሉ።

መርከቡ ረቡዕ ወንበሮቹን ሳይጭን ሄዶ ነበርና የካንዳቩ ሴቶች ተቆጥተው ላኩበት። ነማኒ ሰበብ አልፈጠረም። በሚቀጥለው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ፣ «ወንበሬ ሰው ይቆርጣል። ቤታችሁ ያለውን አምጡልኝ፤ አስተካክዬ እመልሳለሁ፤ እስከዚያ አትፍቁበት» አለ። እኒያ ከሁሉ የሸመገሉት አዛውንት የሰሙትን ማመን አቅቷቸው ጎረቤታቸውን «ምን አለ?» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ስሙ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሰው «ጥፋቱን የሚናገር ሠሪ ከሆነ ሌላው ዕቃውም ይታመናል» ብሎ ደጁን አጣበበው። ወንበሮቹ በሁለተኛው መርከብ ካንዳቩ ደረሱ፤ እጁ የተቆረጠ ሰው ወሬ እስካሁን አልመጣም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ዕቃ ሠርተህ የምትሸጥ ከሆንክ ይህን ልብ በል። የሚጠቀሙበትን ጠይቅ እንጂ የሚያከብሩህን አትጠይቅ። ጥቂት አድርገህ ሰብስባቸው፤ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ችግሩ የጋራ መሆኑን ታውቃለችና። የሚፈሩት ሰው አጠገባቸው አይኑር። «ጥሩ ነው ወይ?» አትበላቸው፤ ምን እንዳደረጉ ይንገሩህ፣ በእጃቸውም ያሳዩህ። ስማቸውን ጠብቅ። ካስተካከልክ በኋላም ተመልሰህ አሳያቸው። አንቺም የምትገዢው፣ ዕቃው ሲያስቸግርሽ በጨርቅ አስረሽ ዝም አትበዪ። ያንቺ ዝምታ በአጥር ማዶ ያለችውን ይቆርጣታል። የራይጂኤሊ አውራ ጣት እስከ ዛሬ ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍም።

ባለፈው ሳምንት ነማኒ አዲስ የካሳቫ መላጫ ሠርቶ ገበያ መጣ። ወደ እኔ አልመጣም፤ ቀጥ ብሎ ራይጂኤሊ ካሳቫ ወደምትሸጥበት ሄደ። ሰው ሁሉ ይሰማል፤ አማቷም አጠገቧ ናት። ልጅቷ መላጫውን ተቀብላ አንድ ካሳቫ ላጠች፤ ሁለተኛውን ጀምራ አቆመች።

«ጋሽ ነማኒ፣ እጀታው አጭር ነው። ሲረጥብ ጣት ወደ ስለቱ ይሄዳል። ይሄ አይሸጥም።»

አማቷ በክርኗ ልትጎስማት ስትል ነማኒ በዓይኑ ገታት። በረጅሙ ተነፈሰ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ፣ ራይጂኤሊ ፊት ካሳቫው ጆንያ ላይ ቁጭ አለና፣

«እሺ» አላት። «ሌላስ?»